ሳህኑን ገልብጡት፦ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ አሮጌ የቻይና ፖርሴሊን እንዴት ይለያል?

ለንደን፣ አምስተርዳም ወይም ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ነገሩን ሳታዩት አልቀራችሁም። የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ፣ ከተሰባበረ የፎቶ ፍሬምና ከጠቆረ ማንኪያ መሃል፣ ሰማያዊ ሥዕል ያለበት ነጭ ሳህን ተቀምጧል። ሻጩ «የቻይና ነው፣ 300 ዓመት አልፎታል» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ወይ የእንግሊዝ ፋብሪካ ሳህን ነው፣ ወይ የሆላንድ ሸክላ፣ ወይ ደግሞ በቅርቡ ከእቶን የወጣ ፎርጅድ።

ልዩነቱን ለማወቅ ቻይንኛ ማንበብ አያስፈልግም። አብዛኛው መልስ ያለው ከሳህኑ ጀርባ ነው፤ ሰው ግን ፊቱን አይቶ ይገዛል። ሥዕል መኮረጅ ቀላል ነው። ሥሩ ላይ የሚጻፈውን ማህተም መኮረጅ ከዚያም ይቀላል። ከ300 ዓመት በፊት የተተኮሰ ጭቃ ሥሩ ምን እንደሚመስል መኮረጅ ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተላችሁ ይሄ ይሁን፦ መጀመሪያ ጀርባው፣ ከዚያ ጭቃው፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከዚያ ቅርጹና ሥዕሉ። ማህተሙ ወደ መጨረሻ ይምጣ። የሻጩ ወሬ ደግሞ ከሁሉም በኋላ።

ከመጀመራችን በፊት፣ የግድ የሚያስፈልገው ታሪክ

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፖርሴሊን የሚባለው ይሄ ነጭ ዕቃ በአብዛኛው የተሠራው ጂንግዴዠን በምትባል ከተማ ነው፣ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ ጂያንግሺ ግዛት ውስጥ። ሠሪዎቹ ካኦሊን የሚባለውን ነጭ ጭቃ ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ያዋህዱታል። ቅርጹን ያወጣሉ። ጥሬው ላይ ኮባልት በሚባል ማዕድን ይስላሉ። ከላዩ ሲተኮስ መስታወት የሚሆን ልባስ ያለብሱታል። ከዚያ ወደ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይተኩሱታል። ሰማያዊው ቀለም ከልባሱ በታች ነው ማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል።

ፖርቱጋሎች በ1557 ደቡብ ቻይና ጠረፍ ላይ ባለችው ማካው ሰፈሩ። የሆላንዱ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ1602 ተቋቋመ፣ በዓመቱ ሳንታ ካታሪና የምትባለውን የፖርቱጋል መርከብ ሲንጋፖር አጠገብ ማረከና ጭነቷን አምስተርዳም ወስዶ በጨረታ ቸበቸበው። ከዚያ ወዲያ የአውሮፓ ሀብታም በዚህ ዕቃ አበደ። ቢያብድ አይፈረድበትም። የጀርመኑ ማይሰን በ1710 ፋብሪካ እስኪከፍት ድረስ አውሮፓ ውስጥ እውነተኛውን ጠንካራ ፖርሴሊን አምርቶ ገበያ ያወጣ አልነበረም።

ለገበያ ስትወጡ በቻይና ነገሥታት ስም የሚጠሩ ሦስት ዘመኖችን ማወቅ ይበቃችኋል። አንደኛው የዋንሊ ዘመን ነው (1573–1620)። ክራክ የሚባለው ስስ ዕቃ በብዛት የወጣው ያኔና ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ነው። ሁለተኛው የካንግሺ ዘመን (1662–1722)፣ በተለይ ከ1683 በኋላ ያለው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው። ሦስተኛው የቺየንሎንግ ዘመን (1736–1795)፣ የእራት ሳህን በሺህና በአሥር ሺህ የተጫነበት። መሃል ላይ ክፍተት አለ። የሚንግ መንግሥት በ1644 ወደቀ፣ በ1670ዎቹ ደግሞ ጂንግዴዠን በጦርነት ተቃጠለች። ያን ጊዜ ሆላንዶች ፊታቸውን ወደ ጃፓን አዞሩ፣ ለዚህ ነው ዛሬ የጃፓኑ ከቻይናው ጋር እየተምታታ የሚያስቸግረን። እናንተ ገበያ ላይ የምታገኙት በአብዛኛው የሦስተኛው ዘመን ዕቃ ነው።

የሚያዝ ዕቃ

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ፣ የስልካችሁ መብራት፣ እና ሐሰተኛ ብር የሚለይበት ዓይነት ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት። በቃ። ሦስቱም ኪስ ውስጥ ይገባሉ።

ከማንሳታችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ። በሁለት እጅ ያዙት፤ ጆሮ ወይም ክዳን ያለው ከሆነ በጆሮው አታንጠልጥሉት፣ ክዳኑንም አስቀድማችሁ አንሱት። ቀለበት ያደረጋችሁ አውልቁ። ጠረጴዛው ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ነው የምታዩት እንጂ አየር ላይ አይደለም።

ደረጃ አንድ፦ ገልብጡት

ከሳህኑ ሥር የሚያስቀምጠው ክብ ጠርዝ አለ። የመቀመጫ ቀለበት እንበለው። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

በቻይናው ሳህን ላይ የቀለበቱ ጫፍ ልባስ የለውም። ልባስ ቢኖረው እቶን ውስጥ ቀልጦ ከተቀመጠበት ጋር ይጣበቅ ነበር፤ ስለዚህ ጠርገው ያወጡታል። ባዶውን ጭቃ የምታዩት እዚያ ነው። ነጭ ወይም ትንሽ ግራጫ ያለው ነጭ ነው፣ ደቃቅ ነው፣ በጣት ሲዳሰስ ለስለስ ይላል። አሁን ማጉያችሁን አውጡና ልባሱ የሚያልቅበትንና ባዶው ጭቃ የሚጀምርበትን መስመር እዩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ እዚያ መስመር ላይ ቀጭን፣ ብርቱካናማ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀለም አለ። ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት በእሳት ሲቃጠል የመጣ ነው። ወጥ አይደለም። እዚህ ጋ ይወፍራል፣ እዚያ ጋ ይጠፋል።

ፎርጅድ ሠሪዎች ይሄን ስለሚያውቁ ቀለበቱን ቡናማ ይቀቡታል፣ በሻይ የሚዘፈዝፉም አሉ። የእነሱ ቡናማ ግን ቀለበቱን ሙሉ ወጥ ሆኖ ይሸፍነዋል፣ አንዳንዴም በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። ቀለበቱ በሙሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ከሆነ ጠርጥሩ።

ክራክ ከሆነ ሌላ ነገር ፈልጉ። ሥሩ ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚወጡ ቀጫጭን የመሣሪያ ጭረቶች ይኖራሉ፣ ቀለበቱ ላይ ደግሞ የእቶን አሸዋ ተጣብቆ ይገኛል። ሻካራና ግዴለሽ ይመስላል። ሠሪው ስለ ፊቱ እንጂ ስለ ጀርባው አልተጨነቀም፤ በዚህ ደግሞ እኛ ተጠቀምን።

ከሥሩ መሃል፣ ከቀለበቱ ውስጥ፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ትናንሽ ነጠብጣብ ጠባሳዎች ካያችሁ አሪታ የሚባለው የጃፓን ፖርሴሊን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጃፓኖች ሳህኑ መሃሉ እንዳይጎብጥ በትናንሽ የጭቃ ድጋፎች ላይ ይተኩሱት ነበር፤ ጠባሳው ከዚያ ነው። አሪታ መጥፎ ዕቃ አይደለም፣ ጥሩው እንዲያውም ውድ ነው። ግን የቻይና ነው ብላችሁ አትግዙት።

ደረጃ ሁለት፦ የተሸረፈውን ቦታ እዩ

ሰው ሽራፊ ሲያይ ቅር ይለዋል። እኔ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ሽራፊ መስኮት ነው።

የሆላንዱ የደልፍት ዕቃ የቻይናውን ለመኮረጅ የተፈጠረ ነው፣ ከሩቅ ሲታይም ያታልላል። ግን ተራ ሸክላ ነው፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ ያለበት ነጭ ልባስ የተቀባ። ሲሸረፍ ውስጡ ቢጫማ ወይም ቡናማ ሆኖ ይታያል፣ ልባሱም ጠርዝ ጠርዙን እየተላጠ ይነሳል። ፖርሴሊን ሲሸረፍ ውስጡም ነጭ ነው። ስብራቱ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ነው፣ ልባሱና ጭቃው አንድ ላይ የተዋሃዱ ናቸው።

ሽራፊ ከሌለው የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብሩበት። ስስ ፖርሴሊን ብርሃን ያሳልፋል፣ የጣታችሁ ጥላ ከወዲያ በኩል ይታያል። ደልፍት አያሳልፍም። ወፍራም ትሪ ከሆነ ግን ፖርሴሊንም ቢሆን ላያሳልፍ ይችላል፣ በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

የ17ኛው ክፍለ ዘመንና የ18ኛው መጀመሪያ ዕቃ ጠርዙ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ልባስ የለቀቀባቸው ቦታዎች አሉት፣ ነቀዝ የበላው ይመስላል። ይሄ ጉዳት ቢሆንም ለእናንተ ጥሩ ምልክት ነው፤ ልባሱና ጭቃው ሲቀዘቅዙ እኩል ስላልተኮማተሩ የመጣ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጠርዙ ቡናማ ቀለም የተቀባ ነው። እሱ ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፣ ደካማውን ጠርዝ ለመከላከል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ደረጃ ሦስት፦ ሰማያዊው በእጅ ነው ወይስ በህትመት?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዞች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥዕልን በመዳብ ሰሌዳ ቀርጸው፣ በስስ ወረቀት አትመው፣ ሸክላ ላይ መለጠፍ ጀመሩ። የአኻያ ዛፍ፣ ድልድይ ላይ ሦስት ሰዎች፣ ከላይ ሁለት ወፎች ያሉበትን ሳህን አይታችሁት ታውቃላችሁ። ያ ሥዕል ራሱ እንግሊዝ አገር የተፈጠረ ነው። ስለ ሁለቱ ፍቅረኞች የሚተረከው «ጥንታዊ የቻይና ታሪክ»ም እዚያው እንግሊዝ አገር ዕቃው ከወጣ በኋላ የተፈበረከ ነው። ሻጭ በስሜት ሲተርክላችሁ ፈገግ በሉና እለፉ።

በማጉያ ሲታይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ህትመት ከሆነ ጥላው የተሠራው በጥቃቅን ነጥቦችና በተደረደሩ መስመሮች ነው። የጠርዙ ጌጥ ደግሞ ወረቀቱ የተገናኘበት ቦታ ላይ አይገጥምም፣ አንዱ አበባ ግማሹ ተቆርጦ ይታያል። በብሩሽ ከሆነ ግን መስመሩ ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ ቀለሙ ብሩሹ የቆመበት ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ይጠቁራል። መጀመሪያ ገጽታው በቀጭን መስመር ተሥሎ፣ ከዚያ በውኃ በቀጠነ ሰማያዊ ተሞልቷል። ሙሌቱ አንዳንዴ ከመስመሩ ይወጣል። ቅጠል ቆጥሩ፦ ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ቅጠል አታገኙም።

ቀለሙን ራሱን በተመለከተ፣ የካንግሺ ጥሩ ዕቃ ብሩህ ነው፣ ከድፍኑ እስከ ፈዛዛው ብዙ እርከን አለው። እየቆየ ሲሄድ፣ በቺየንሎንግ መጨረሻና በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ለውጭ ገበያ የወጣው ሰማያዊ ግራጫ ይቀላቀልበታል፣ ሥዕሉም የችኮላ ይሆናል። ቀለም በፎቶ ላይ ስለሚቀያየር ግን ኦንላይን የምትገዙ ከሆነ በዚህ ላይ ብዙ አትመኩ።

ጣታችሁን ሥዕሉ ላይ አሳልፉ። ሰማያዊው ከልባሱ በታች ስለሆነ ምንም ከፍታ ሊሰማችሁ አይገባም። ከሰማያዊው ጋር ቀይና ወርቅ ካለው እነዚያ ከላይ የተቀቡ ናቸው፣ ወርቁ መልቀቁም የተለመደ ነው።

ደረጃ አራት፦ ጭረቱን በጎን ብርሃን

መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ ሳህኑን ዘንበል አድርጉት። ሹካና ቢላ የነካው ሳህን በሁሉም አቅጣጫ የሚሄዱ ደቃቅ ጭረቶች አሉት፣ መሃሉ ላይ ይበዛሉ። ሌላም ነገር አለ፣ ይሄን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ሳህኖች ለዘመናት ሲደራረቡ የላይኛው የመቀመጫ ቀለበት የታችኛውን ፊት ይፈገፍገዋል። በቀለበቱ ልክ ክብ የሆነ የደበዘዘ መስመር ይቀራል። ፎርጅድ ላይ ግን ጭረቱ በብርጭቆ ወረቀት የተሠራ ስለሆነ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ምግብ የማይነካው ቦታ ላይ ሁሉ አለ።

ጭረት የሌለው ሁሉ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ የኖረም አለ።

ደረጃ አምስት፦ ቅርጹ ማን በላበት?

ቻይናዊ በጠፍጣፋ ሰፊ ጠርዝ ያለው ሳህን አይበላም ነበር። ያ የአውሮፓ ገበታ ነው። የቢራ ኩባያ፣ የሰናፍጭ ማስቀመጫ፣ የሻማ መቆሚያ፣ ትልቅ ክዳን ያለው የሾርባ ሳህን፣ አንገት እንዲገባበት ጠርዙ የተቆረጠ የፀጉር ቆራጭ ሳህን፣ እነዚህ ሁሉ በትእዛዝ የተሠሩ ናቸው። ሆላንዶች በ1635 የእንጨት ሞዴል አስቀርጸው ወደ ቻይና ላኩ፣ «እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩልን» ብለው። የሻይ ስኒዎቹ ግን ለረጅም ጊዜ ጆሮ አልነበራቸውም፣ የእኛን የቡና ሲኒ በትንሽ ትልቅ አድርጋችሁ አስቡት።

የቤተሰብ አርማ የተሳለበት ካገኛችሁ ቆም በሉ። አውሮፓዊው ቤተሰብ የአርማውን ንድፍ ካንቶን ወደምትባለው የደቡብ ቻይና ወደብ ይልካል፣ ዕቃው ተሠርቶ እስኪመለስ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሠዓሊው ፊደሉን ስለማያነበው እንደ ሥዕል ነው የሚገለብጠው፤ የተሳሳተ ፊደል ማግኘት የተለመደ ነው። ስህተቱ ዋጋ አይቀንስም። አርማው የማን እንደሆነ ከታወቀ ደግሞ ሳህኑ የተሠራበትን ዘመን በጣም ማጥበብ ይቻላል።

ደረጃ ስድስት፦ ማህተሙን አትመኑ

ስድስት የቻይና ፊደል በሁለት ዓምድ ተጽፎ ካያችሁ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው፤ ሥርወ መንግሥቱን፣ የንጉሡን የዘመን ስምና «ተሠራ» የሚል ይዟል። ችግሩ የካንግሺ ሠሪዎች የቼንግኋን (1465–1487) ስም እየጻፉ መሸጣቸው ነው። ከ200 ዓመት በፊት የነበረን ዘመን ማክበርም ነው፣ ማሻሻጥም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የካንግሺን ስም ጻፉ። ዛሬ የሁሉም ይጻፋል።

ለአውሮፓ የተሠራው አብዛኛው ዕቃ ጭራሽ ማህተም የለውም። ካንግሺ ላይ ቅጠል ወይም ባዶ ድርብ ክብ ማየት የተለመደ ነው። «ቻይና» ተብሎ በእንግሊዝኛ ከተጻፈበት ግን በአብዛኛው ከ1891 ወዲህ ነው፤ አሜሪካ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር ስም እንዲጻፍበት ያስገደደችው ያኔ ነው።

የሻጭ ቋንቋም እዚህ ጋ ይገባል። «የካንግሺ ማህተም ያለው» እና «የካንግሺ ዘመን» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ምንም ቃል አይገባላችሁም። ደረሰኙ ላይ ዘመኑን እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ካንገራገረ መልሱን አገኛችሁ።

ደረጃ ሰባት፦ የተደበቀ ጥገና

ሳህኑን በጣቶቻችሁ ጫፍ አስቀምጡና ጠርዙን በጥፍር ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጤነኛ ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ስንጥቅ ካለው ድምፁ ወዲያው ይሞታል። ከዚያ ጥላ ፈልጉና የአልትራቫዮሌት መብራታችሁን አብሩ፤ ማጣበቂያና ቅብ ብዙ ጊዜ ከቀረው ልባስ በተለየ ቀለም ያበራል። ሁሉም ጥገና አያበራም፣ ስለዚህ ጠርዙን በጣት ዙሩት። ቅብ ከእውነተኛው ልባስ ይለሰልሳል፣ ሞቅም ይላል። አንዳንድ ነጋዴ ጥርሱን ነካ ያደርግበታል። ይሠራል፣ ግን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ እኔ አላደርገውም።

የተሰበረውን በብረት ስፌት የያዙት ካገኛችሁ ግን አትሽሹ። ድሮ እንደ ዛሬው ያለ ጠንካራ ማጣበቂያ ሳይኖር እንዲህ ነበር የሚጠገነው። ሰው ይሄን ያህል የለፋበት ሳህን ፎርጅድ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል።

«ከሰመጠ መርከብ የወጣ ነው» ሲሏችሁ

ይሄ ወሬ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ኼልደርማልሰን የምትባል የሆላንዱ ኩባንያ መርከብ ከካንቶን ተነስታ ስትመለስ በጥር 1752 ደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ከኮራል ድንጋይ ጋር ተጋጭታ ሰመጠች። ከ112 ሰው 32ቱ ብቻ ተረፉ። ዋናው ጭነቷ ሻይ ነበር። ፖርሴሊኑ ከባድ ስለሆነና ውኃ ስለማይጎዳው ከታች ይደረደራል፣ ሻዩ ከላይ ይጫናል፤ ከጭነቱ ዋጋ ፖርሴሊኑ ትንሹ ነው። በ1985 የሰመጠ መርከብ ፈላጊው ማይክል ሃቸር አገኛት፣ በ1986 ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት አምስተርዳም ላይ ከ150,000 በላይ ዕቃ በጨረታ ሸጠ። የአርኪዮሎጂ ሰዎች ተናደዱ፣ ልክም ነበሩ፤ ዕቃው የወጣው ቦታው በወጉ ሳይጠና ነው።

ለእናንተ ቁም ነገሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይሄ ሁሉ የንጉሥ ቤት ቅርስ ሳይሆን የንግድ ሸቀጥ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ተመሳሳይ ሳህን አለ። ስለዚህ ጠርዙ የተሸረፈ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሳህን በአስሮች በሚቆጠር ዩሮ ወይም ፓውንድ ይገኛል፣ በሺህ የሚጠይቃችሁ ካለ ጥሩ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ የዚያ ጨረታ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሥሩ ላይ የክሪስቲስ ተለጣፊና ቁጥር አለው። ተለጣፊ ግን ከአንዱ ተነቅሎ ሌላው ላይ ይለጠፋል። ከላይ ያሉትን ደረጃዎች አትዝለሉ። ባሕር ውስጥ የከረመ ልባስ አንጸባራቂነቱን አጥቶ ፈዞ ሊገኝም ይችላል።

ዓይናችሁን የት ታሠለጥናላችሁ?

ሙዚየም ጥሩ ነው፦ ለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም፣ አምስተርዳም ራይክስሙዚየም፣ ሌዋርደን ፕሪንሰስሆፍ፣ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሴለም ከተማ ያለው ፒቦዲ ኤሴክስ። ግን ሙዚየም ዕቃውን አይገለብጥላችሁም። የሚገለብጥላችሁ የጨረታ ቤት ነው። ከጨረታው በፊት ዕቃው ለእይታ የሚቀርብባቸው ቀናት አሉ፣ መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው፣ ሠራተኛውን ጠይቃችሁ በእጃችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሳትገዙ ሃምሳ የመቀመጫ ቀለበት ዳስሳችሁ መውጣት ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ኦንላይን ከሆነ አራት ፎቶ ጠይቁ፦ ሥሩ በሙሉ፣ የቀለበቱ ጫፍ በቅርብ፣ ፊቱ በጎን ብርሃን፣ እና ጉዳት ያለበት ቦታ። ፊቱን ብቻ ደጋግሞ የሚልክ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት።

ከገዛችሁ በኋላ

ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በፍጹም አታስገቡት። በፕላስቲክ ሳፋ፣ ከሥሩ ፎጣ አንጥፋችሁ፣ ለብ ባለ ውኃና ጥቂት ሳሙና እጠቡት። የተጠገነ ወይም በብረት የተሰፋ ከሆነ አትዘፍዝፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት ይበቃል። ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉ ከሆነ ጠርዙን በስፕሪንግ ጨምድዶ የሚይዘውን የሽቦ ማንጠልጠያ ተዉት፤ የቆየች ስንጥቅ ካለች ያስረዝማታል። ስትደራርቡ በመሃሉ ጨርቅ ወይም ወፍራም ወረቀት አድርጉ።

በፖስታ የምትልኩ ወይም በሻንጣ የምትወስዱ ከሆነ ሳህኑን አታጋድሙት፣ በጠርዙ አቁማችሁ ሸክፉት። ካርቶን ውስጥ ካርቶን ይሁን፣ በመሃላቸው አራት ጣት የሚያህል ልስላሴ ይኑር፣ ስትነቀንቁት ምንም ነገር አይንቀሳቀስ። ደረሰኙን ሳጥኑ ውስጥ አትተዉት፤ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ጉምሩክ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው።